ብሪጅ ሲደረግ ዋቱ ከየት ይመጣል?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። ወሬው የስፒከርና የአምፕሊፋየር ነው። «እኔን ምን አገባኝ?» የምትሉ ካላችሁ፣ ጥር እየመጣ ነው፤ ወይ ትድራላችሁ፣ ወይ ትጠራላችሁ፣ ወይ የጎረቤት ሠርግ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ስለዚህ ሁላችሁንም ያገባችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ኢንቦክስ ጻፈልኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ እዚሁ ማክሰኝት ሞንታርቦ ያከራያል። (በነገራችን ላይ ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ድርጅት ስም ነው። የዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው፣ ትልቅ ስፒከርንም ሁሉ ሞንታርቦ ብለን ቀረን።) ልጆቹ አንድ አምፕና አራት ስፒከር አላቸው። አሁን ብድር ወስደው ተመሳሳይ ሁለተኛ አምፕ ሊገዙ ነው። ሻጩ «ሁለቱንም ብሪጅ አድርጉና በያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ስፒከር ስቀሉ፤ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል» ብሏቸዋል። የልጁ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ቲቸር፣ እውነት ነው?»

የብድሩ ዋስ አባቱ ናቸው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ለእኔ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

ለእሱ በግል መልሼለታለሁ። ግን ይሄ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ በየከተማው ሞንታርቦ የሚያከራይ ወጣት አለ። ስለዚህ እዚህም ልጻፈው።

መጀመሪያ ብሪጅ ምንድን ነው? አንድ አምፕ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቻናል አለው፣ ቀኝና ግራ። በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቻናል የራሱን ስፒከር ይነዳል። ብሪጅ ሲደረግ ግን ሁለቱ ቻናሎች ለአንድ ስፒከር ይሠራሉ። አንዱ የሚደርሰው ድምፅ ተገልብጦ ነው፤ የስፒከሩ ሁለት ገመዶችም በሁለቱ ቻናሎች ፕላስ ላይ ይታሰራሉ።

ጣውላ ሰንጣቂዎችን አይታችኋል አይደል? ሁለት እጀታ ያለውን ረጅም መጋዝ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቅለታል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ሁለቱም እኩል ወደየራሳቸው ቢስቡ መጋዙ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ብሪጅም እንደዚያው ነው። አንዱ ቻናል 20 ቮልት ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው 20 ቮልት ወደ ታች ይወርዳል፤ ስፒከሩ የሚያየው በመካከላቸው ያለውን ልዩነት፣ 40 ቮልት ነው። ሁለቱም አብረው ቢወጡ ልዩነቱ ዜሮ ስለሚሆን ድምፅ የለም።

አሁን ክፍል ውስጥ ስትጠሏት የነበረችውን ቀመር እናምጣት። ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በራሱ፣ ሲካፈል ለኦም ነው። 20 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ፦ 400 ለ8፣ 50 ዋት። 40 ቮልት በዚያው ስፒከር ላይ፦ 1600 ለ8፣ 200 ዋት። አራት እጥፍ! ሻጩ እዚህ ድረስ አልዋሸም። ቮልቴጅ እጥፍ ሲሆን ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

የቀረውን ግማሽ ግን አልነገራቸውም። 40 ቮልት በ8 ኦም ላይ 5 አምፔር ያስኬዳል። ያ 5 አምፔር የሚያልፈው በሁለቱም ቻናሎች ውስጥ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ቻናል 2.5 አምፔር ብቻ ነበር የሚሰጠው። አሁን 20 ቮልቱ ሳይለወጥ 5 አምፔር እየሰጠ ነው። 20 ለ5 ስታካፍሉ ስንት ነው? 4 ኦም። ማለትም ስፒከሩ 8 ኦም ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም የተሰቀለበት ያህል ይሸከማል። ብሪጅ ላይ አምፑ የሚያየው ኦም ሁልጊዜ የስፒከሩ ግማሽ ነው። ይቺን ብቻ ብትይዙ ይበቃኛል።

እና ያ 200 ዋት ከየት መጣ? ያው አምፕ ያለ ብሪጅ በያንዳንዱ ቻናል 4 ኦም ቢሰቀልበት 100 እና 100 ይሰጥ ነበር፤ ድምሩ 200። ብሪጁ የሰጠውም 200 ነው። አዲስ የተፈጠረ ዋት የለም። ድሮም የነበረው በአንድ ስፒከር ላይ ተጠራቀመ፣ በቃ። ያውም የአምፑ ትራንስፎርመር ጭነቱን ከቻለ ነው፤ ብዙዎቹ ሲከብዳቸው ቮልቴጃቸው ወረድ ይላል።

አሁን ወደ ሻጩ ምክር እንመለስ። ሁለት የ8 ኦም ስፒከር አንዱ ከሌላው ጎን ለጎን ሲቀጠል 4 ኦም ይሆናል። ያ ብሪጅ ላይ ሲሰቀል እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው 2 ኦም ነው። ብዙ አምፖች በብሪጅ የሚፈቅዱት ትንሹ 8 ኦም ነው፤ ከኋላቸው ተጽፏል። ከዚያ ካወረዳችሁት ወይ ቀዩ የፕሮቴክት መብራት ይበራና ድምፁ ይቆረጣል፣ ወይ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ይቃጠላሉ።

ይሄ ሲሆን አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጭፈራው ላይ አምፑ በርትቶ ቆይቶ የሙሽራዋ አያት ሊመርቁ ማይኩን ሲይዙ ቀዩ መብራት በራ። ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው መረቁ፤ የሰማቸው ግን የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። አምፕ ይጠገናል። ያ ምርቃት ግን ተመልሶ አይመጣም።

እሺ፣ ስለ ኃይል ቁጥር ደግሞ እናውራ። ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት ይላል፤ ከአጠገቡ በትንሹ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ» ተብሎ ይጻፋል። ይሄ ቁጥር የጋራ መለኪያ የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። «ፒክ» የሚባለው ደግሞ ለቅጽበት የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ በንጹህ ሞገድ ከእውነተኛው ተከታታይ ኃይል እጥፍ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን «አር.ኤም.ኤስ» ወይም ተከታታይ የሚባለው ነው። አሜሪካኖችም በዚህ ተቸግረው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው ለቤት አምፕሊፋየሮች ሕግ አወጣ። የኃይል ቁጥር የሚያስተዋውቅ ተከታታዩን ኃይል፣ በስንት ኦም እንደሆነና መዛባቱን አብሮ እንዲናገር ያዝ ነበር። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ እናንተም ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ በስንት ኦም? ተከታታይ ነው ወይስ ጫፍ? በስንት ፐርሰንት መዛባት? ሻጩ ካልመለሰ መሣሪያውን አዙሩት።

ጀርባው ላይ የሚበላው ኃይልና የፊውዙ አምፔር አለ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 3 አምፔር ፊውዝ ከሆነ 220 ሲባዛ በ3፣ 660 ዋት። ፊውዝ ፍጹም ሚዛን አይደለም፤ ሙዚቃ እየዘለለ ስለሚሄድ አማካዩ ከጫፉ በጣም ያንሳል። ግን 660 ዋት የሚገባበት ሳጥን 3000 ዋት ሲያወጣ አያመሽም። ያማ ቢሆን ጣና በለስን ዘግተን በእሱ እንኖር ነበር!

የሚኒባስ ቴፕን ውሰዱ። ፊቱ ላይ «50 ዋት በ4» ይላል። ሞተር ሲሠራ ያለው ቮልቴጅ 14.4 አካባቢ ነው። የሚገርማችሁ፣ ይሄ ቴፕ ከፋብሪካው ሲወጣ ውስጡ ብሪጅ የተደረገ ነው፤ አለበለዚያ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 6 ዋት ተኩል ገደማ ብቻ ይሰጥ ነበር። በብሪጅ ጫፉ 14.4 ቮልት ይደርሳል፤ ለ1.41 ስናካፍለው 10.2፤ በራሱ አባዝተን ለ4 ስናካፍል 26 ዋት። 50 ከየት መጣ? ከካርቶኑ ነዋ! ባለ ባጃጅና ባለ ሚኒባስ ልጆች፣ እግረ መንገዴን፦ የእነዚህን ቴፖች የስፒከር ማይነስ ገመድ የመኪናው አካል ላይ አትሰሩ። ብሪጅ ላይ ማይነሱም ሕይወት አለው፤ ቴፑን ታቃጥሉታላችሁ።

ሌላው የጆሯችን ነገር ነው። ኃይል አራት እጥፍ ሲሆን ድምፅ አራት እጥፍ አይጮህም። ጭማሪው 6 ዴሲቤል ነው። ሰው «እጥፍ ጮኸ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። በአንጻሩ ሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያላችሁ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል በነጻ ታገኛላችሁ። ስለዚህ አራቱንም ስፒከር ሙሽሮቹ አጠገብ ከምትደረድሩ፣ ሁለቱን ዳሱ መሃል አድርሱና በማቆሚያ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጓቸው። በብሪጅ የምትመኙትን በቦታ ታገኙታላችሁ። አዝማሪው ይሄን ከእኛ በፊት ያውቃል፤ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ሰዉ ይሄዳል እንጂ ከሩቅ ቆሞ አይጮህም።

አሁን የልጁን ስሌት ላሳያችሁ። የአምፑ መመሪያ ያለ ብሪጅ በ8 ኦም 250 ዋት በያንዳንዱ ቻናል፣ በ4 ኦም 400፣ በብሪጅ 8 ኦም 800 ይላል። ስፒከሮቹ አራት፣ እያንዳንዳቸው 8 ኦም፣ ተከታታይ አቅማቸው 300 ዋት።

ያለ ብሪጅ በያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሁለት ስፒከር ቢሰቅል፣ ቻናሉ 4 ኦም ያያል፤ ድምሩ 800፣ ለያንዳንዱ ስፒከር 200 ዋት። ብሪጅ አድርጎ አራቱን ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ቢያገናኝ ደግሞ ጠቅላላው 8 ኦም ይሆናል፤ 800 ለአራት፣ አሁንም 200 ዋት። ያው ነው! በሻጩ መንገድ ቢሄድ ሁለት አምፕ ይቃጠልበታል፣ የአንዱ ዕዳ ገና ሳይከፈል።

ብሪጅ ጭራሽ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። 800 ዋት የሚችል አንድ ባለ 8 ኦም የቤዝ ስፒከር ካላችሁና የተረፈ አምፕ ካለ፣ ቦታው እዚያ ነው።

የእኛን መብራትም አትርሱ። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ 220 የነበረው ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ የብዙ አምፖች ኃይልም አብሮ ይወርዳል። የድምፁን ጫፍ መቆራረጥ ሲጀምር ቁልፉን ጨምራችሁ ልታካክሱት አትሞክሩ፤ በተቆራረጠ ድምፅ መጀመሪያ የሚቃጠለው ትዊተሩ ነው። ቴስተር ርካሽ ነው፤ ዳሱ ጋ እንደደረሳችሁ ሶኬቱን ለኩ።

ልጁ ከትናንት ወዲያ ደወለልኝ። አምፑን ትተውታል። ብድሩን ቀንሰው አራት ማቆሚያ፣ ወፈር ያለ ገመድና ቴስተር ሊገዙ ነው። «አባቴ ደስ አላቸው» አለኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ስንት ዓመት ስለ ኦም ሕግ ስጮህ «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ስትሉኝ ለነበራችሁ ሁሉ መልሱ ይሄ ነው፦ ከማያስፈልግ ዕዳ ያድናል።

ሠርግ ያላችሁ መልካም ጥር ይሁንላችሁ። የምታከራዩም፣ ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እንሰላለን። የአምፑን ፎቶ ስትልኩልኝ ግን ፊቱን ተዉት፣ ጀርባውን አንሱልኝ።