ፒችትሪ እና የዱቤ ደብተር



አካውንቲንግ የምንማር ሁሉ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ ከግቢው በር ውጭ ባለው ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ እንጀምራለን፤ «ፒችትሪ በአጭር ጊዜ፣ ከሰርተፍኬት ጋር።» የሥራ ማስታወቂያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙ በፈረንጆቹ ከ2013 ዕትም ጀምሮ ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፤ እኛ አገር ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያለፈው ዕትም እንኳ ላፕቶፕ ከላፕቶፕ እየተገለበጠ ይሠራል።

ከጀመዓችን የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎች ተሰባስበን በዚህ ሴሚስተር እርስ በርስ መማማር ጀምረናል። ወንድሞች ቅዳሜ፣ እህቶች እሁድ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ። ማሠልጠኛ ተቋማቱ የሚሰጡት መለማመጃ ሁልጊዜ የአንድ ምናባዊ ድርጅት ነው፤ ገቢው ሙሉ፣ ደንበኛው ሁሉ በቀኑ የሚከፍል። እኛ ደግሞ የአንዲት አባላችን ቤተሰብ ያላቸውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ወሰድን። አባትየው ደብተራቸውን እንድናይ ፈቀዱልን፤ የባለዕዳዎቹን ስም ግን ከመጀመሪያው ቀየርነው፤ የሰው ዕዳ አማና ነው።

ደብተሩን ያየ ሰው የኮሌጁን መጽሐፍ ይረሳል። «የሰሚራ እናት 1,200»፣ «ረጅሙ ልብስ ሰፊ 800፣ 300 ሰጠ»፣ «ባለ ሰማያዊ ሚኒባሱ፣ ለሠርግ የወሰደው»። አንዳንዱ ቀን አለው፣ አንዳንዱ የለውም። «ከበዓል በኋላ» የሚል አለ፤ የትኛው በዓል እንደሆነ የሚያውቁት አባትየው ብቻ ናቸው። ፒችትሪ ደግሞ እያንዳንዱን ደንበኛ በመለያ ቁጥር፣ እያንዳንዱን ሽያጭ በቀን፣ እያንዳንዱን ዱቤ በመክፈያ ጊዜ ካልሆነ አይቀበልም። ረጅሙ ልብስ ሰፊ ቁጥር ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ሳቅ እያለ ሱረቱል በቀራህን አስታወሰን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ 282ኛው፣ ስለ ጾም ወይም ስለ ሐጅ ሳይሆን ዕዳን ከነጊዜው ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነትና ስለ ምስክር ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን አያ በሒፍዝ ስናልፈው «ረጅም ነው» ብለን ነበር የምናስታውሰው። ፕሮግራሙ ቀንና ስም ካልሞላን አላሳልፍ ሲለን ግን እያንዳንዱ ዝርዝር ለምን እንደተቀመጠ በራሳችን ጣት አየነው።

ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚጠይቀን ሁሉ ከዚያ አያ ጋር የሚሄድ አይደለም። የደንበኞች መነሻ ደንብ በሚሞላበት መስኮት ውስጥ «ፋይናንስ ቻርጅ» የሚል ገጽ አለ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርገው የዓመት መቶኛ ከሞሉ፣ ቀኑ ባለፈበት ዱቤ ላይ ጭማሪ የሚያሰላ ነው። ለመለማመድ 12,000 ብር ዕዳ፣ 18 በመቶ፣ 60 ቀን መዘግየት ይዘን በእጃችን አሰላነው፤ 355 ብር ገደማ መጣ። «የሰሚራ እናት» ልጇ ታሞባት ሁለት ወር ብትዘገይ፣ ማንም ሳይናገራት፣ ማንም ሳይፈርድባት፣ ደረሰኟ ላይ 355 ብር ተጨምሮ ይታተማል። ይህ ዑለማኦች የጃሂሊያ ሪባ የሚሉት ነው፦ ወይ ክፈል ወይ ጨምር። ከዚያው ሱራ 280ኛው አያ ደግሞ የቸገረው ባለዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ ይሰጠው ይላል። በኮምፒውተሩ ላይ የሁለቱ ርቀት አንድ ጠቅታ ነው።

«ሶፍትዌር ምን ሃይማኖት አለው? የሞላው ሰው ነው እንጂ» ያለ ወንድም ነበር። ልክ ነው፣ የሞላው ሰው ነው። ያ ሰው ግን በብዙ መሥሪያ ቤት ባለቤቱ አይደለም፤ አዲስ የተመረቀው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማለትም እኛ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሪባ ጉዳይ ያወገዙት የሚበላውንና የሚያበላውን ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊውም አለበት። ይህን ሐዲሥ ለሌላ ሙያ ያለ ሰው በኹጥባ ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። ለሒሳብ ተማሪ ግን የወደፊት የሥራ መደቡ ነው የተጠቀሰው።

ለመማር ወለድን ማስላትና ተቀጥሮ የወለድን ውል መጻፍ አንድ አይደሉም፤ ፈተና ላይ ጥያቄውን ሥሩ። ግን የወለድ ብድር ባለበት ኩባንያ በሒሳብ ክፍል መቀጠር፣ በመደበኛ ባንክ ብድር ክፍል መቀጠር፣ ወይም የብድሩን ወለድ በየወሩ መመዝገብ፣ እነዚህ ደረጃቸው ይለያያል፤ ፈትዋ መስጠትም የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ጥያቄውን ለዓሊም የምታቀርቡት የቅጥር ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይሁን። ከፈረሙ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱን ከደመወዙ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው።

ሆን ብሎ የሚያዘገየውስ? ሀብታም ሆኖ የሚያጉላላ ደንበኛ አለ፤ አባትየውም «እሱን እንዴት ላድርገው?» ብለዋል። መቀመጫውን ባሕሬን ያደረገው አዮፊ፣ የኢስላማዊ የፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ባለዕዳው ቢያዘገይ ለበጎ አድራጎት ሊከፍል አስቀድሞ ቃል የሚገባበትን መንገድ አስቀምጧል። ገንዘቡ ለባለ ገንዘቡ አይገባም። በሒሳብ ቋንቋ ሲተረጎም፦ ይህ ብር በገቢ ሒሳብ አይመዘገብም፤ ለሰደቃ እንደሚወጣ ዕዳ ለብቻው ይከፈትለታል። ልዩነቱ ያለው በየትኛው የሒሳብ መደብ ሥር እንደተከፈተ ነው፤ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ከታየ ሱቁ በልቶታል ማለት ነው።

ይህ የመደብ ጉዳይ በሙራባሃ ላይ ይበልጥ ይገለጣል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች በፈረንጆቹ 2021 ሥራ ሲጀምሩ፣ ከጓደኞቻችን ብዙዎች «ያው ወለድ ነው፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ» ይሉ ነበር፤ አሁንም የሚሉ አሉ። እኛ ለመሟገት ሳይሆን ለማየት ብለን በፕሮግራሙ ላይ ሁለት ድርጅት ከፈትን። በአንደኛው 100,000 ብር ብድር ሰጥተን 115,000 ተቀበልን። የሚመዘገበው ጥሬ ገንዘብ ወጣ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ ገባ፣ ከዚያ የወለድ ገቢ። ዕቃ የሚባል ነገር የትም የለም። በሁለተኛው ዕቃውን በ100,000 ገዝተን ወደ ክምችት አስገባን፤ ከዚያ በ115,000 በክፍያ ጊዜ ሸጥነው። መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። መሐሉ ግን አንድ አይደለም። በሁለተኛው ዕቃው በክምችት ውስጥ ባለበት ጊዜ ቢቃጠል ኪሳራው የሻጩ ነው፤ በመጀመሪያው የሚቃጠል ዕቃ የለም። ደንበኛው ቢዘገይም 115,000 ያው 115,000 ነው።

ስለዚህ የሙራባሃ ውል እውነተኛ መሆን አለመሆኑን በመጀመሪያ ከሚያውቁት አንዱ ሒሳብ ሠራተኛው ነው። የግዢው ቀን ከሽያጩ ቀን ይቀድማል? ዕቃው በባንኩ እጅ ገብቶ ያውቃል? ወይስ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ተፈርሞ ገንዘቡ በቀጥታ ለደንበኛው ሄዷል? ሸሪዓ ቦርዱ የሚያየው ፋይል እኛ የሞላነውን ነው። ቀኑን ወደኋላ አድርጎ መሙላት ለፒችትሪ ቀላል ነገር ነው፤ ከባዱ ለሞላው ሰው ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ፤ ዘካ ላይ ስንደርስ ረጅሙን ጊዜ ወሰደብን። አባትየው ዘካቸውን የሚያወጡት በግምት፣ በረመዳን ነበር። «አሁን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል» አሉን። ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ፕሮግራሙ ክምችትን የሚይዘው በተገዛበት ዋጋ ነው፤ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ፣ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ፣ ወይም አማካይ ብሎ ያሰላል። (መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ የሚለው በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ አይፈቀድም፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም ያቀርበዋል። ግብይት ከተጀመረ በኋላም ዘዴው አይቀየርም፤ ስለዚህ አስቡበት።) ለዘካ ግን የንግድ ዕቃ የሚተመነው ዘካው በደረሰበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ነው።

እንበል ክምችቱ በግዢ ዋጋ 400,000፣ ዛሬ በገበያ 520,000 ብር ነው። ጥሬ ገንዘብ 60,000፣ ይከፈላል ተብሎ የሚታመን ዱቤ 90,000፣ ለጅምላ ሻጮች የሚከፈል 150,000። የሚከፈል ዕዳን በመቀነስ ላይ ዑለማኦች ልዩነት አላቸው፤ የሚቀነስ ነው በሚለው ከሄድን፣ በፕሮግራሙ ቁጥር ዘካ የሚወጣበት ሀብት 400,000፣ ዘካው 10,000 ይሆናል። በገበያ ዋጋ ግን 520,000፣ ዘካው 13,000። ሦስት ሺህ ብሩ የድሆች ሐቅ ነው፤ በሪፖርቱ ግን የትም አይታይም። መደርደሪያው፣ ጠረጴዛውና የልብስ ስፌት መኪናው አይቆጠሩም። ኒሷቡ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው።

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ግብሩ የሚሰላበት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፕሮግራሙ ጁላይ 8 ተብሎ ይሞላል። የዘካው ሐውል ደግሞ የሂጅራ ዓመት ነው፤ 11 ቀን ገደማ ያጥራል። አንድ ነጋዴ ዘካውን በየሐምሌ 1 ብቻ 2.5 በመቶ እያወጣ ቢኖር በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ ሙሉ ለሙሉ ይቀርበታል። ለዚህ ነው በፀሐይ አቆጣጠር ለሚያሰሉ ድርጅቶች ወደ 2.577 በመቶ ከፍ የሚደረገው። በላይኛው ምሳሌ ልዩነቱ 400 ብር ነው። አባትየው ግን ይህን ሰምተው «እኔ በረመዳኔ እቀጥላለሁ፣ እናንተ ቀኑን አስታውሱኝ» አሉ፤ የቀለለውም እሱ ነው። ሐውላቸው በሚሞላበት ቀን የክምችት ዝርዝሩን እናትማለን፤ ከየዕቃው ጎን የዕለቱን ዋጋ በእስክሪብቶ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።

ስለ ፕሮግራሙ ቅጂ ከእህቶች የተነሳው ጥያቄ ቡድኑን በሙሉ አከራክሯል። በፍላሽ የሚዞረው ያልተገዛ ቅጂ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። «እኛ ድሃ ተማሪ ነን» የሚለው ክርክር ገና አልቆመም። ለጀመዓው ሒሳብ ግን መከራከር አላስፈለገንም፤ ግኑካሽ የሚባል በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፣ በዚያ ይሠራል። የኢፍጣር መዋጮውን፣ ሰደቃውንና ዘካውን በየራሳቸው ሒሳብ ከፍለነዋል፤ ዘካ የሚሰጣቸው ወገኖች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አያ የተወሰኑ ስለሆኑ፣ የመስገጃ ምንጣፍ ሲገዛ ከየትኛው ሒሳብ እንደወጣ ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል።

ለኡስታዝ የላክነው አንድ ጥያቄ አለ። ፒችትሪ አዲስ ደንበኛ ሲከፈት ራሱ የሚያስቀምጠው የዱቤ ደንብ «በ10 ቀን ከከፈለ 2 በመቶ ቅናሽ፣ አለዚያ በ30 ቀን ሙሉውን» የሚል ነው። ባለዕዳው ቀድሞ ሊከፍል ሲመጣ በራስ ፈቃድ መቀነስና ቅናሹን በውሉ ውስጥ አስቀድሞ ማሰር በፊቅህ የሚለያዩ መሆናቸውን ሰምተናል። ደረሰኙ ላይ ታትሞ የሚወጣው ሁለተኛው ነው። መልሱ እስኪመጣ በሱቁ ፋይል ላይ ቅናሹን ዜሮ አድርገነዋል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ደመወዝና ተጨማሪ እሴት ታክስ እንጀምራለን፣ ኢንሻአላህ። መምጣት የምትፈልጉ ላፕቶፕ ባይኖራችሁም ኑ፤ ለሁለት የሚካፈሉ አሉ። ደብተርና ካልኩሌተር ግን ይዛችሁ ኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእጅ ነው የምንሠራው።