ለአንድ ሰው አምስት ዓሣ

በሐምሌ ወር፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ በተኮለኮሉት ትናንሽ የባሕር መንደሮች መስኮቶች አንድ ባንድ ብርሃን ያሳያሉ። ሻይ ይፈላል፤ ዳቦ ይጠቀለላል፤ የሽማግሌው የጎማ ቦት ጫማ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ከዚያም አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ባንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ ይሳፈራሉ። ሦስት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ዓሣ ይፈቅዳል፤ በጀልባዋ ላይ ሦስት ሰዎች ቢሆኑም ከሦስት ቢበልጡም ጠቅላላው ከ15 ማለፍ የለበትም። አራተኛው ሰው ለጨዋታ እንጂ ለድስቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ቀኖቹም የተቆጠሩ ናቸው፤ በበጋቸው በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ በመጸው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይፈቀዳል። የተያዘው ለቤት ነው፤ መሸጥ ክልክል ነው።

በዚያ አገር «ዓሣ» ከተባለ ኮድ ማለት ነው። ሳልሞን ሳልሞን ነው፤ ሄሪንግም ሄሪንግ ነው፤ «ዓሣ» የሚለው ስም ግን ለአንዱ ብቻ የተጠበቀ ነው። በአማርኛ «እህል» የአዝርዕት ስም ሆኖ ሳለ ሰፍቶ ምግብን ሁሉ ጠቀለለ፤ በደሴቲቱ ደግሞ በተቃራኒው የወገን ሁሉ መጠሪያ ጠብቦ ለአንዱ ተሰጠ። እንግዲህ «ዘንድሮ ዓሣ የለም» የሚለውን የደሴቲቱን ሰው ንግግር ቃል በቃል የሚገለብጥ ተርጓሚ፣ የሐዘኑን ግማሽ እዚያው ባሕሩ ላይ ጥሎት ይመለሳል።

ኮድ የባሕር ወለል ዓሣ ነው። ጀርባው አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ነጠብጣብ የበዛበት ሲሆን፣ በጎኑ ነጭ መስመር ተጋድሞበታል፤ ከአገጩ ሥር አንዲት የጢም ዘለላ ተንጠልጥላለች። በበጋ መጀመሪያ ካፕሊን የሚባሉት ደቃቃ ዓሦች እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጠጠራማው ዳርቻ በመንጋ ሲተሙ፣ ኮድም እነሱን ለመብላት ከጥልቁ ወደ የብስ ይጠጋል። የመንደሩ ሰው ለዘመናት በትንሽ ጀልባ ሊያጠምደው የቻለው ስለዚህ ነው። ቀደምቶቹ ጂገር የሚሉት መሣሪያ ነበራቸው፤ ከእርሳስ በዓሣ ቅርጽ የተሠራ፣ አፉ ላይ ሁለት መንጠቆ ያቆጠቆጠ ነገር ነው። የዛሬው የእጅ ገመድም ከዚያ ብዙ አልራቀም። እርሳሱ ወለሉን እስኪመታ ይለቀቃል፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይደረግና ክንድ ሳይሰለች ሽቅብና ቁልቁል ይሰበቃል። ገመዱ በድንገት ሲከብድ እጅ ያውቀዋል። ሰላሳና አርባ ሜትር ገመድ በባዶ እጅ ስቦ ማውጣት ቀላል አይደለምና ልጅቷ ስትደክም አባቷ ይቀበላታል፤ አያትየው ግን ማንም እንዲያግዘው አይፈቅድም።

የወጣው ዓሣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ትንሹን ወርውሮ የተሻለ መጠበቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ከጥልቅ የተሳበ ዓሣ የአየር ከረጢቱ ተነፍቶ ስለሚጎዳ፣ ቢለቀቅም ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ወዲያው ጉሮሮው ተቆርጦ ደሙ ይፈስሳል፤ ሥጋው የሚነጣው ያኔ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር፣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1497 ጆን ካቦት ለእንግሊዝ ንጉሥ በመርከብ ወደዚያ ሲደርስ፣ ባሕሩ በዓሣ ከመሞላቱ የተነሳ በድንጋይ የከበደ ቅርጫት ወደ ውኃው ቢወርድ ዓሣ ሞልቶት እንደሚወጣ ተወርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል፣ የባስክ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ መርከቦች በየዓመቱ ጎረፉ። ገበያውን ያቆመላቸው በከፊል ጾም ነው። የካቶሊክ አውሮፓ በዓቢይ ጾምና በዕለተ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ፣ በጨው ታሽቶ የደረቀ፣ ወራትና ባሕር የሚሻገር ዓሣ ይፈልግ ነበር። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት በኢትዮጵያ ማዕድ ዙሪያ ስንቱን እንዳጨቃጨቀ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ በዚያ ወገን መልሱ «ይበላል» በመሆኑ ብቻ አንድ ደሴት ሰው ሰፈረባት ቢባል እጅግ የተጋነነ አይሆንም።) የጥራቱ የመጨረሻ ደረጃ ደግሞ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጭኖ በሸንኮራ እርሻ ለሚማቅቁት ባሮች ቀለብ ይሆን ነበር።

አጥማጁ ራሱ ገንዘብ በእጁ አይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በጸደይ ከነጋዴው ጨው፣ ዱቄትና ገመድ በዱቤ ይወስዳል፤ በመጸው የደረቀውን ዓሣ ያስረክባል፤ ዋጋውንም ሂሳቡንም የሚወስነው ነጋዴው ነው። ዓሣውን እያገላበጡ በፀሐይ የሚያደርቁት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚሰበስቡት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ድካማቸው በደብተሩ ላይ በባል ወይም በአባት ስም ይመዘገባል።

ያም ሆኖ ዓሣው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1954 ፌርትራይ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ባሕር ላይ ወጣች፤ መረብ ከኋላዋ የምትጎትት፣ ያጠመደችውንም እዚያው ሆዷ ውስጥ ቆራርጣ የምታቀዘቅዝ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ነበረች። ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ ሌሎችም ተከተሏት። በ1968 ከሰሜናዊው የኮድ መንጋ ብቻ 800,000 ቶን ገደማ ተጋዘ። በ1977 ካናዳ ድንበሯን እስከ 200 የባሕር ማይል ዘርግታ እንግዶቹን አራቀች፤ ነገር ግን በለቀቁት ቦታ የራሷ ትላልቅ መርከቦች ገቡ። በ1980ዎቹ የዳርቻው አጥማጆች ዓሣው እያነሰ፣ መጠኑም እየቀጨጨ መሄዱን ደጋግመው ተናገሩ። ባለሙያዎቹ ግን የመርከቦቹን ምርት እያዩ ባሕሩ አሁንም ሙሉ ነው ብለው ገመቱ። ዓሣው ቁጥሩ ሲመናመን በቀረው ቦታ ተጠጋግቶ እንደሚሰበሰብ፣ ትልቅ መርከብ ደግሞ የተሰበሰበውን ፈልጎ እንደሚያገኝ የተረዱት ዘግይተው ነው።

ጁላይ 2 ቀን 1992 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩ ጆን ክሮዝቢ፣ እሱ ራሱ የደሴቲቱ ልጅ፣ የሰሜናዊ ኮድ ማጥመድ መታገዱን አወጀ። 30,000 ያህል ሰው ሥራውን አጣ። እገዳው ለሁለት ዓመት የታሰበ ነበር፤ 32 ዓመት ቆየ። መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ ወጣቱ ወደ ዋናው ምድር ተሰደደ። በጁን 2024 መንግሥት እገዳውን ሲያነሳ የፈቀደው ጠቅላላ መጠን 18,000 ቶን ነበር። ይህችም ቢሆን መንጋው ገና አላገገመም በሚሉት ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት።

ረፋድ ላይ ጀልባዋ አሥራ አምስቱን ይዛ ትመለሳለች። በቀድሞው ዘመን በወደቡ መድረክ ላይ አንዱ ሆድ ይቀዳል፣ ሌላው ራስ ይቆርጣል፣ ሦስተኛው አከርካሪውን በሁለት የቢላዋ ምት አውጥቶ ዓሣውን እንደ መጽሐፍ ይገልጠዋል፤ ይህን የመጨረሻውን የሚያውቅ ሰው የተከበረ ነበር። አሁን ሁሉንም የሚሠራው ሽማግሌው ነው። የልጅቷ ድርሻ ምላስ ማውጣት ነው። ስሙ ምላስ ይባል እንጂ ከመንጋጋው ሥር ያለ ለስላሳ ጡንቻ ነው። ዱሮ የመንደሩ ልጆች እየዞሩ ይቆርጡና በመሸጥ የኪስ ገንዘብ ያገኙበት ነበር፤ አሁን ግን ለምሳ ብቻ ነው። ዱቄት ይነሰነስበትና በአሳማ ስብ ይጠበሳል። (የአሳማ ስቡ ላይ ሲደረስ የሐበሻ እንግዳ ዘይት ይለምናል፤ ጣዕሙ ግን ያው አይሆንም ይላሉ።)

የዕለቱ ዓሣ ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ይቀቀላል፤ ሲበስል ሥጋው በጣት ሲነካ በሰፋፊ ነጭ ንብርብር ይላቀቃል። ቅመም ብዙ የለም፤ ጨው፣ ቅቤ፣ ምናልባትም ጦስኝን የምትቀርብ ሳቮሪ የተባለች ቅጠል ነች። በበርበሬ ያደገ ምላስ መጀመሪያ «ምን ጎደለው?» ብሎ ይፈልጋል፤ ከሁለት ጉርሻ በኋላ ዝም ይላል። ከቀረው ጥቂቱ በጨው ይታሻል። እሱ ለእሑድ ቁርስ ነው፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ብስኩትና ጨዋማው ዓሣ ለየብቻ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ይሞቁና ባንድ ሰሐን ይገናኛሉ። ሰዎቹ ብሩዝ ይሉታል።

ፊሌቶው በላስቲክ ተጠቅልሎ ለክረምት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ግን ሁለቱን ዓሦች ከነአጥንታቸው ለይቶ በባልዲ ያስቀምጣል። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ባልዲውን ተሸክማ ሽቅብ ትወጣለች። አንደኛው ባሏ ለሞተባት ጎረቤት፣ ሌላው ደግሞ ክንዱ ገመድ መሳብ ላቆመው የአያቷ ጓደኛ ነው፤ እሱም በሩን ከመክፈቱ በፊት በመስኮት ሆኖ የሚጠይቃት ስለ መጠኑ ነው።