ሰንሰለት የሌለው

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በየዓመቱ አነሣ ነበር። የማወራው ግን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ፍቅር ማውራት ይቀላል።

አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እነዚያ ገበሬዎች ባሪያ ነበሩ እንዴ?»

የፊታውራሪ መሸሻን ገበሬዎች ማለቱ ነው፤ ከግብሩ በላይ እጅ መንሻ አምጡ ሲባሉ እምቢ ያሉትን።

«አይደሉም» አልኩት።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ።

ሐዲስ ዓለማየሁ የድሮውን ጎጃም ጽፈው በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ባርነትን የሚከለክለው ዐዋጅ ከወጣ 24 ዓመት ሆኖት ነበር። የጭሰኛው ዕዳ ግን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ እንዳለ ቆየ። ጭሰኛን ማንም ገበያ አውጥቶ አይሸጠውም፤ ሙክቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውን ብቻ ይወስዱበታል። ሰንሰለት የሌለው በደል ስሙ «ወግ» ነው። ካሣ ዳምጤም ይህንን ወግ ስለጠየቀ ነው «ጉዱ» የተባለው።

ለምን መልስ እንዳጣሁ ልንገራችሁ። አያቴ ባለርስት ነበሩ። በዓል ሲደርስ ጓዳቸው በጭሰኞች ቅቤ ይሞላል። በልቻለሁ። ከየት መጣ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ።

ዛሬ ልጅ አይደለሁም። የቤታችን ሠራተኛ ሁልጊዜ ከሁላችን በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ብቻዋን ትበላለች። ማን አዘዛት? ማንም። ወግ ነው።