በፍርሃት የተሳልሁት ስእለት

ስለ ምንኩስና ጥሪ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ የዓለምን ፈተና በመውቀስ ይጀምራል። እኔን ግን ያሰናከለኝ ዘፈንም ገንዘብም ሳይሆን የገዛ ጸሎቴ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት አልወጣንም ነበር። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ጦሳን እየመታ ሲያስተጋባ ከአልጋ ሥር ሆኜ፣ «ጌታ ሆይ፣ እናቴንና ታናሽ እኅቴን ብታተርፍልኝ መነኩሴ እሆንልሃለሁ» ብዬ ተሳልሁ። በኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲለቀቅ ሁላችንም ደኅና ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲህ እግዚአብሔርን እንደ አባት መውደዴ ቀርቶ እንደ አበዳሪ እፈራው ጀመር። መነኩሴ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከታችን የተመሠረተው ገና በ2007 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቅዳሴ የማያስታጕል ወጣት ከተገኘ ያየው ሁሉ «መቼ ትገባለህ?» ይለዋል። እኔም «እናቴን ማን ይጦራል?» እያልሁ ሁለት ዓመት አሳለፍሁ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ካቶሊኩ አባቴ ነበር፤ የእርሷ አያት ደግሞ ሙስሊም ነበሩ፤ በወሎ ይህ ማንንም አያስገርምም። ለእርሷ መነኩሴ ማለት የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኩሴ፣ በቁሙ ፍትሐት ተደርጎለት ለዓለም የሞተ ሰው ነው። የምትጦር እናት በእርግጥ አለችኝ፤ ግን ሰበብ አድርጌያት ነበር።

ባለፈው ዓመት ነገሩን ለአንድ አባ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ በከባድና በግፍ በመጣ ፍርሃት የተደረገ ስእለት ዋጋ እንደሌለው ቀኖናው ይናገራል። የአንተ ያስራል አያስርም የሚለውን ለእኔ ተወው። አንተ ማታ ማታ ቀኑን መለስ ብለህ ተመልከት፤ ሰላም የሰጠህንና የነሣህን ጻፍ» አሉኝ።

ይህ የኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መንገድ ነው። ኢግናጥዮስ እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና በመድፍ እግሩን የተመታ ወታደር ነበር። ጥሪውን የለየው ግን መድፉ ሲጮኽ አይደለም፤ ለወራት አልጋ ላይ ተኝቶ የትኛው ሐሳብ ደስታ ትቶለት እንደሚሄድ፣ የትኛው ባዶ እንደሚያስቀረው ሲመረምር ነው። የእኛው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልስ? ይህ የጎጃም መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዘ፤ ካቶሊክ የሆነው ግን በ1844፣ ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። በ1855 በእስር ሰንሰለት ሞተ። እኔ ሁልጊዜ የማነበው ሰንሰለቱን ብቻ ነበር፤ የማመንታቱን ዓመታት እዘልላቸው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ደብተሬን ገልጬ አነበብሁ። ራሴን በቀሚስ ሆኜ፣ ሰዎች መስቀሌን ሲሳለሙ ያሰብሁባቸው ምሽቶች ሁሉ «ባዶ» ከሚለው ሥር ተጽፈዋል። «ሰላም» ከሚለው ሥር ያሉት ጥቂት ናቸው፤ አንደኛው የታመመ ጎረቤታችንን ገላ ያጠብሁበት ቀን ነው። ያን ዕለት ስእለቱ ትዝም አላለኝ። ስእለቱ ባይኖርስ እሄድ ነበርን? ብዬ ራሴን ሳልፈራ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ማታ ደሴ ተመልሼ ለእናቴ ነገርኋት። እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

«በእኔ ነፍስ ተደራደርህ?» አለችና ዝም አለች። ቈይታ ደግሞ፣ «ስለ እኔ ከሆነ አትሂድ። ወደህ ከሆነ ግን…» ብላ ሳትጨርሰው ቡናዋን መቍላት ጀመረች።