ጭጋግ የቀነሰው የጎባ ልጅ

የባሌውን ሳነቴ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከጎባ ወጥተን ዳገቱን ስንጨርስ ዛፉ አለቀ፤ ጅብራና ሰማይ ብቻ ቀረ። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት እርምጃም ትንፋሽ ያሳጥራል። አስጎብኚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጄዳላ ፈርዳ» አለ። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ ሊወልዱ የደረሱ ባዝራዎችን ስለምትከተል። እኛ ቀይ ቀበሮ የምንላት ናት፤ በዓለም ካሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጣ ቆማለች። እኔም ካሜራዬን ደጋግሜ ተጫንኩ።

ማታ ፎቶዎቹን ብከፍት ጭጋግ ብቻ! ቀበሮዋ እርጎ የተደፋባት መስላለች።

በማግስቱ ጎባ ፎቶ ቤት ገባሁ። ልጁ ገና ሲያያት «ጋሼ፣ ተሸፍና ነው እንጂ አልጠፋችም» አለኝ። ጭጋግ ብርሃን በትኖ በየፒክስሉ ላይ ይደርባል፤ ጥቁሩ ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተመራማሪው ካይሚንግ ሄ እና ባልደረቦቹ በ2009 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ጥርት ባለ የውጪ ፎቶ ከሰማዩ በቀር በየትንሿ ቁራሽ ውስጥ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱ ወደ ጥቁር የቀረበበት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ያ ነጥብ ከነጣ ያነጣው ጭጋጉ ነው፤ መጠኑ ይገመትና ይቀነሳል። ልጁ መቆጣጠሪያውን ሲስበው ያ ቀይ ጠጉር ብቅ አለ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

ግን እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብም አብሮ ጎልቶ ወጣ። «ደጋግመው አንስተዋታል?» አለኝ። 9 ፎቶ ነበረኝ። ነጠብጣቡ በየፎቶው ቦታ ስለሚለዋውጥ፣ የ9ኙ አማካይ ሲወሰድ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ግን የተነሳው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ነው፤ እሷ ደግሞ ፍልፈሏን ስትጠብቅ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ባለውለታዬ ረሃቧ ነው።

ጓደኛዬ ቀርቦ ያነሳት ፎቶ ግን አልዳነም። በቴሌግራም ልኮልኝ ዋናውን ደምስሶታል፤ ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን በጄፔግ ይጨምቃል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፈለ፣ ዓይን አይለየውም ያለውን ረቂቅ ነገር ይጥላል፤ አብዝቶ ሲጨመቅ ካሬዎቹ ራሳቸው ይታያሉ። የተጣለው አይመለስም። ልጁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞከረው፤ ያማረ ጢም አበቀለላት። ጢሙ ግን የሷ አይደለም፤ ግምት ነው። አጥፋው አልኩት።

ሳነቴ ከወጣችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፤ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል ይሁን፤ ዋናውን አትደምስሱ።