ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፤ የውሻችን የመቻል ትረካ

በለዓም ተቀምጦባት ይሄድ የነበረችው አህያ አፍዋን ከፍታ ጌታዋን እንደ ወቀሰች በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ተጽፎ ይገኛል። አህያ ከተናገረች፣ ውሻ በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ጥቂት ቃል ቢናገር የሚቈጣ አንባቢ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ እኔ ጌታው ብዕሩን ብቻ እይዛለሁ፤ ተናጋሪው ውሻችን መቻል ነው። ስለ እኔ የሚናገረው ሁሉ የሚያስመሰግነኝ ባይሆንም እውነት ስለ ሆነ አንዱንም አልሰረዝሁበትም።

ስሜ መቻል ይባላል። ያገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ሊነግረው ያልወደደውን ነገር በውሻው ስም የመናገር የቆየ ልማድ አለው። እኔም ገና ቡችላ ሳለሁ ወደዚህ ቤት ስገባ ጌታዬ በአጥር ምክንያት ከጎረቤታቸው ጋር ተቀያይመው ስለ ነበር ይህን ስም አወጡልኝ፤ ማታ ማታም በደጅ ቆመው «መቻል! መቻል!» እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩኝ ነበር። ከጎረቤቱ ጋር ከታረቁ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ስሙ ግን ለእኔ ቀረ።

ቤታችን በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ነበር። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በነፋስ የሚያደርስ ስልክ ማለት እንደ ሆነ ጌታዬ ለልጆቻቸው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልተደነቅሁም፤ ለውሻ ነፋስ ከጥንት ጀምሮ ስልኩ ነውና። ከቄራ በኩል በነፈሰ ቍጥር እዚያ ምን እንደ ዋለ ማንም ሳይነግረኝ ዐውቅ ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ በቤታችን አንድ ወሬ ይወራ ጀመር። ጌታዬ በጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አግኝተው ስለ ነበር፣ በዐዲሱ ዓመት መግቢያ ወደዚያ እንድንዛወር ተቈረጠ። አንድ ማታ ጌታዬ ለእመቤቴ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፤ «ፎቅ ላይ ግቢ የለ፣ አጥር የለ። ‹ውሻ ምን አገባው ከእርሻ› እንደ ተባለው፣ ውሻ ምን አገባው ከፎቅ! የሚቀበለን ሰውም አላገኘሁም። ጳጉሜን 3 ቀን ቤቱን ልናይ ስንሄድ አብሮን ይውጣ፤ ከወንዙ ማዶ ገመዱን እፈታለታለሁ። ሥጋ ቤት ባለበት ከተማ ውሻ አይራብም።» እመቤቴም ዝም አሉ። ውሻ ከጌታው ቃል ይልቅ የጌታውን ድምፅ ይሰማልና፣ እኔም በድምፃቸው ውስጥ ሐዘን እንዳለ ብቻ ዐወቅሁ።

ጳጉሜን 3 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። በዚያ ቀን ማለዳ ጌታዬ በአንገቴ ላይ ገመድ ባሰሩ ጊዜ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያገራችን ውሻ ሌሊት ሲጮኽ ያድራል፣ ቀን ታስሮ ይውላል፤ ከጌታው ጋር መንገድ መውጣት ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ ቢደርሰው ነው። ጌታዬ፣ እመቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና የጌታዬ እናት እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ እኔም ጅራቴን አቁሜ ከፊት ቀደምሁ።

መጀመሪያ የደረስነው ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ወሰኔን ስለማውቅ ቅጥሩን አላለፍሁም፤ ታላቁ ልጅ ከውጭ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ አሰረኝና ገባ። ከቅጥሩ ሥር ነዳያን ተቀምጠው ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ እግሩ በቍስል የተጠቀለለ ሽማግሌ፣ ከተመጸወተው ዳቦ ቈርሶ ሰጠኝ። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈው አልዓዛር ከባለጠጋው ደጅ ወድቆ ሳለ ወደ ቍስሉ የቀረቡት ውሾች ብቻ እንደ ነበሩ ሽማግሌው ሳይሰማ አልቀረም።

ከቅዳሴ በኋላ የሰባኪው ድምፅ በድምፅ ማጉያው እኔ እስካለሁበት ደረሰ። ትምህርቱ ከመጽሐፈ ጦቢት ነበር። ጦቢት በነነዌ በምርኮ ሳለ ዐይኑ ጠፋ፤ ልጁን ጦብያን በአደራ ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣለት ወደ ሜዶን አገር ላከው። ቅዱስ ሩፋኤልም በሰው አምሳል ሆኖ መንገድ መራው፤ ከወንዝ የወጣውን ዓሣ ሐሞት እንዲይዝ አዘዘው፤ በዚያም ሐሞት የአባቱ ዐይን በራ። ሩፋኤል ማለት እግዚአብሔር ፈወሰ ማለት ነው። ቀጥሎም ሰባኪው ጆሮዬን የሚያስቆም ነገር ተናገረ። ጦብያና መልአኩ ሲወጡ የልጁ ውሻ አብሮ ወጣ፤ ሲመለሱም አብሮ ተመለሰ። ውሻው ሸክም እንደ ተሸከመ፣ አውሬ እንደ መለሰ መጽሐፉ አይናገርም። አብሮ መሄዱና አብሮ መመለሱ ብቻ ተጻፈለት። «የእግዚአብሔር መልአክ በመንገዱ ያልጠላውን እኛ ለምን እንንቃለን?» አለ ሰባኪው።

ከዚያ ስንወጣ ካፊያ ይወርድ ጀመር። በጳጉሜን 3 የሚወርደው ዝናም የሩፋኤል ጠበል ነውና ልጆች ሁሉ ራሳቸውን ገልጠው በየመንገዱ ይሮጡ ነበር። በመንገዱ ዳር ለእንቍጣጣሽ የመጡ በጎች ተሰልፈዋል፤ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ተደርድረዋል። እኔም ስሜን አስታውሼ ቻልሁ።

የትንሹ አቃቂ ድልድይ ላይ በደረስን ጊዜ ትንሿ ልጅ ወርዳ በወንዙ ልትታጠብ ፈለገች። እማሆይ ግን እጅዋን ይዘው፣ «ጠበሉ ከላይ የሚወርደው ነው፤ ይህን ውሃ እኛው ሰዎች አበላሽተነዋል» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ የፋብሪካውንና የየቤቱን ጕድፍ ለአንድ ውሻ አፍንጫ ከመካኒሳ በላይ የሚመሰክርበት ስፍራ የለም። ጌታዬም መምህር ናቸውና፣ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ እንደሚፈሱ፣ እዚህ የተጣለው ቆሻሻም የሌላውን አገር ሰው እንደሚያገኘው አስረዱ።

ድልድዩን እንዳለፍን ጌታዬ ጐንበስ ብለው ገመዱን ፈቱ። «ሂድ» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ጥቂት ርምጃ ተራመዱ፤ ተከተልኋቸው። ዘወር ብለው ድንጋይ አነሡ፤ እኔም ጆሮዬን ጥዬ ቆምሁ፤ አልሸሸሁም። ልጆቹ አለቀሱ። በዚያን ጊዜ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ አሁን ያልኸን ነገር በውሃው ብቻ ነውን? የተጣለ ውሃ ሰው የሚያገኝ ከሆነ የተጣለ ውሻስ? ነገ ተርቦ ከመንጋ ይገባል፤ የታመመ ነክሶት ያብዳል፤ እርሱ ደግሞ የሰው ልጅ ይነክሳል። አንተ የጣልኸው ውሻ አይደለም፤ በሰው ቤት ላይ መከራ ነው።»

ጌታዬ ድንጋዩን ከእጃቸው ጣሉ። ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ባበደ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ፣ ጆሴፍ ሜስተርን፣ በክትባት እንዳዳነው በየዓመቱ ለተማሪዎቻቸው የሚያስተምሩ እርሳቸው ነበሩ። ለሌላ የሚያስተምሩት ትምህርት በዚያች ሰዓት ወደ ራሳቸው ተመለሰ። ገመዱን እንደ ገና አሰሩልኝ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጀሞ ደረስን። ቀድሞ እህል ይበቅልበት በነበረው ሜዳ ላይ አሁን ፎቅ ከፎቅ ተያይዞ ቆሟል፤ ልብስ በየሰገነቱ ተሰጥቷል፤ ቡና ከሦስት ቤት በአንድነት ይሸታል። ጌታዬ ከሕንፃው ነዋሪዎች ጋር ረጅም ንግግር አደረጉ። አንዳንዶቹ ስለ ልጆቻቸው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነበር። በመጨረሻ ክትባቴ በየዓመቱ ሊሰጥና ወረቀቱ ሊታይ፣ ቀን ታስሬ ልውል፣ ሌሊት ከዘበኞቹ ጋር ልጠብቅ፣ ምግቤና ንጽሕናዬ የጌታዬ ሊሆን ተስማሙ። ግቢዬ ጠበበ፤ ነገር ግን ጧት ልጆቹ ከፎቅ ሲወርዱ የሚያዩት መጀመሪያ እኔን ነው። በማታም ወደ መካኒሳ ስንመለስ ስድስት ሆነን እንደ ወጣን ስድስት ሆነን ተመለስን። የእኔ ነገር በዚህ ተፈጸመ።

አሁን እኔ ጌታው እናገራለሁ። በዐዲሱ ዓመት ብዙ ቤተ ሰብ ከግቢ ወደ ፎቅ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዛወራል፤ ውሻውም በደጅ ይቀራል። እኔም ከእነዚያ አንዱ ለመሆን ጥቂት ርምጃ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ስለዚህ ያፈርሁበትን ነገር ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ልነግር ወደድሁ።

በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከ100 እጅ 99 እጁ በውሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 ሰባው በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ይገባል። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅር፤ ነገር ግን ሐኪሙን አያዘግዩት። መልአኩ ራሱ ጦብያን መድኀኒቱን በእጁ እንዲይዝ አዝዞታልና።

ቤት ሲለቀቅ የሚጫነው ዕቃ ሁሉ ይቈጠራል። በደጅ ሆኖ ጓዙ ሲጫን የሚመለከተውም አብሮ ይቈጠር።