ዝም ያለው ልጅ ሊናገር ነው



እኛ በአፉላ፣ በጊቭዓት ሃሞሬ ሰፈር የምንኖር ባልና ሚስት ነን። በቤታችን በአሁኑ ጊዜ በጉጉት የሚጠበቀው ሠርግ ወይም ከጎንደር የሚመጣ ዘመድ ብቻ አይደለም፤ ፊልምም ይጠበቃል። የ13 ዓመት ልጃችን ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ ወር ባለፈ ቁጥር ይሰርዛል። መጀመሪያ ስቀንበት ነበር። በጎንደር ከተማ «ዛሬ ይጠሩናል፣ ነገ ይጠሩናል» እያልን 14 ዓመት የጠበቅን ሰዎች ነንና ለፊልም ብሎ ቀን መቁጠር ቀልድ መሰለን። ዛሬ ግን እኛም ከእሱ ጋር እንጠብቃለን። ምክንያቱን የምንጽፍላችሁ በብዙዎቻችሁ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ስለምናውቅ ነው።

ፊልሙ የሚሠራው «የዜልዳ አፈ ታሪክ» ከተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የወጣው በ1986 ሲሆን ያወጣው ኩባንያ መቀመጫው በኪዮቶ ከተማ የሆነው ኒንተንዶ ነው። ከፈጠሩት ሰዎች ዋናው ሺገሩ ሚያሞቶ ይባላል። ይህ ሰው ልጅ ሳለ በትውልድ መንደሩ አካባቢ ጫካ ለጫካ ሲዞር አንድ ዋሻ አግኝቶ፣ በኋላ ፋኖስ ይዞ ተመልሶ እንደ ገባበት ተናግሯል። ጨዋታውም የተወለደው ከዚያ ስሜት ነው። ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ዜልዳ የጀግናው ልጅ ስም ይመስለዋል። አይደለም፤ ዜልዳ ልዕልቲቱ ናት። ልጁ ሊንክ ይባላል። በእንግሊዝኛ ማያያዣ ማለት ነው፤ ተጫዋቹን ከዚያ ዓለም ጋር የሚያያይዘው እሱ ነውና። ሊንክ ሰይፍና ጋሻ ይዞ ብዙ አገር ይዞራል፣ ከጭራቅ ጋር ይዋጋል፣ ነገር ግን አይናገርም። ሌሎች ያናግሩታል፣ እሱ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ለ40 ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ ቆይቷል።

አሁን ስለ ልጃችን እንንገራችሁ። ወደ አገራችን የገባነው በ2021 በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ ሲሆን፣ ልጁ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። ከሁላችንም ቀድሞ ዕብራይስጥ ያወቀው እሱ ነው። እኛ ኡልፓን ውስጥ ከፊደል ጋር ስንታገል እሱ በባንክ፣ በፖስታ ቤት፣ በገበያ አፋችን ሆነ። ይህ በጣም ያኮራን ነበር። «የኛ አስተርጓሚ» እያልን በሰው ፊት እናሞግሰው ነበር።

11 ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን እኛ ሁለታችንም ሥራ ላይ ስለነበርን አያቱን ወደ ሐኪም ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ስለ ኩላሊቷ ረዘም አድርጎ አስረዳ። ልጁም ወደ አያቱ ዞሮ «እምዬ፣ ደህና ነሽ፣ ኪኒኑን ዋጪ ነው የሚለው» አላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ወረቀቱን ጎረቤታችን ሲያነብልን ኩላሊቷ መድከሙን፣ በቶሎም ሌላ ምርመራ እንደሚያስፈልጋት ተረዳን። እኛም ተቆጣነው። «ለምን አልነገርክም?» አልነው። «ቃሉን በአማርኛ አላውቀውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ፈራሁ» አለ። እኛ ግን በቁጣችን ላይ ነበርንና ሁለተኛውን መልስ በደንብ አልሰማነውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አማርኛ መናገር ተወ። በአማርኛ ስንጠይቀው በዕብራይስጥ ይመልሳል፤ አያቱ ስታናግረው ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ከትምህርት ቤት ሲመለስም ጨዋታው ላይ ተቀምጦ ይውላል። መሣሪያውን አንድ ወር ሙሉ ቁም ሣጥን ላይ ቆለፍንበት። ይህም ምንም አልፈየደም። አያቱ በጊዜው ሕክምና አግኝታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት። የሐኪም ቃል በስልክ በአማርኛ የሚያስተረጉሙ ሰዎች እንዳሉም በኋላ ተረዳን። ልጁ ግን ዝም እንዳለ ቆየ።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ መሣሪያውን መልሰን ስለሰጠነው ሳሎን ውስጥ ይጫወት ነበር። የሚጫወተው በ2017 የወጣውን «የዱር እስትንፋስ» የተባለውን ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል በዓለም ላይ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። አያቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ታያለች። ድንገት «ይህ ልጅ አፍ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ልጃችን ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም ዝም አልን። ከዚያም ቃል በቃል እየፈለገ «አይናገርም፣ እምዬ። 100 ዓመት ተኝቶ ነው የነቃው። ምንም አያስታውስም» አላት።

«እንደ አቤሜሌክ!» አለች።

አቤሜሌክ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እንደተጻፈው ነቢዩን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊ ነው። በግዕዝ መጻሕፍት ደግሞ የቀረው ታሪኩ ይገኛል። ነቢዩ በለስ እንዲያመጣ ከከተማ ውጭ ይልከዋል፤ እሱም ትንሽ ልረፍ ብሎ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ግን ከተማዋን አላወቃትም፤ መንገድ የሳተ መሰለው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ የሆነውን ሁሉ ይነግረዋል።

አያቱ ይህን ስትጨርስ ልጃችን ጨዋታውን አቁሞ «እዚህም ሽማግሌ አለ! ሲነቃ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ያገኘዋል» ብሎ ጮኸ። እሷም እየሳቀች «እኔም ስገባ አላወቅኋትም፤ የልቤ ኢየሩሳሌም ሌላ ነበረች» አለች። ይህን ከአፏ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁና አያቱ ሲጨዋወቱ ያየነውም በዚያ ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ አብረው ይጫወታሉ። ተራራ ሲወጣ «ይህ ደብረ ታቦር ነው» ትለዋለች፤ እሱ በመስኮት የሚታየውን የእኛን ታቦር ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ ጎንደር ያለውን ከተማ ትነግረዋለች። በ1998 በወጣው ክፍል ሊንክ የሚነፋውን መሣሪያ ልጁ «ሐሊል» ሲለው እሷ «ዋሽንት በል» አለችው። የሰይፍ ቤት አፎት እንደሚባልም ከእሷ ተማረ።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ኒንተንዶ ፊልም እንደሚሠራ ያስታወቀው በኅዳር 2023 ነው። ዳይሬክተሩ ዌስ ቦል ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ሚያሞቶ ራሱና አቪ አራድ ናቸው። አቪ አራድ በራማት ጋን ያደገ ሰው ነው። በ1970 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲማር የጭነት መኪና በመንዳትና ዕብራይስጥ በማስተማር ራሱን ይረዳ እንደነበር ይነገራል። በሰው አገር ከታች የጀመረ ሰው መሆኑ ለእኛ ደስ ይላል። በ2025 ቤንጃሚን ኢቫን ኤይንስዎርዝ ሊንክን፣ ቦ ብራጋሰን ደግሞ ዜልዳን ሆነው እንደሚጫወቱ ተነገረ። ቀረጻው በኒው ዚላንድ ሲካሄድ የመጀመሪያ ሥዕሎቹ ታዩ። ፊልሙ በ2027 እንዲወጣ ታቅዷል።

ልጃችን ፊልሙ ይበላሻል ብሎ ይሰጋል። እውነቱን ነው፤ በ1993 ከሌላው የኒንተንዶ ጨዋታ፣ ከማሪዮ፣ የተሠራው ፊልም ከስሮ ነበር። በ2023 የወጣው የማሪዮ የሥዕል ፊልም ግን ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስለዚህ እንደ ሠሪው ነው።

የእኛ ስጋት ሌላ ነው። በፊልሙ ሊንክ አፍ ያወጣል ብለን እንገምታለን። ዝም ያለው ልጅ ከአያቱ ጋር እኩል ነበር፤ ሲናገር ግን በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአገራችን የሕፃናት የሥዕል ፊልም በዕብራይስጥ ይነገራል፤ በሰው የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ቋንቋ ሆኖ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከሥር ይሄዳል። እኛ ጽሑፉን አንብበን ሳንጨርስ ያልፈናል። አያቱ ደግሞ ፊደሉን አታውቅም። ያን ጊዜ ልጃችን በጨለማው አዳራሽ ውስጥ እንደገና አስተርጓሚ ሊሆን ነው፤ ለዓመታት የጠበቀውን ፊልም ሳያይ ለእኛ ሲያንሾካሹክ ሊያመልጠው ነው።

ስለዚህ ተመካክረን አንድ ሥርዓት አወጣን። ከአሁን ጀምሮ ፊልሙ እስኪመጣ ድረስ ቅዳሜ ማታ ልጃችን የሊንክን ታሪክ ቁራጭ በቁራጭ በአማርኛ ይነግረናል። ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ ጠላቱ ጋኖን ምን እንደሚፈልግ፣ ልዕልቲቱ ለምን እንደምትጣራ። ቃል ሲያጥረው እኛ እንሰጠዋለን፤ እኛ ሳይገባን ሲቀር እሱ ይደግምልናል። የፊልሙ ቀን ሲደርስ ታሪኩን አውቀን እንገባለን፤ እሱም ዝም ብሎ ያያል። እንደ እኛ አስተሳሰብ ለአቤሜሌክ መንገድ የነገረው ሽማግሌ በእኛ ቤት ልጁ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌውም ዕረፍት ያስፈልገዋል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚጫወቱትን ከመንቀፋችሁ በፊት አንድ ማታ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ይህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛ ጠይቁ፤ መልሱ በዕብራይስጥ ቢጀምርም አትቆጡ። ሐኪም ቤት ሲሆን ደግሞ ልጅ አትላኩ።

አያቱ እስከ ዛሬ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ነጠላዋን ለብሳ፣ የአፉላን ጋሪኒም በከረጢት ይዛ እንደምትመጣ ቃል ገብታለች። ልጃችን ሲኒማ ውስጥ ጋሪኒም መፈልፈል ነውር ነው ቢላት «ታዲያ እዚያ ሰው ምን ያደርጋል?» አለችው።

ለዚያ ቀን ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።